ድኩላዎቹ የላሱት አፈር

ባለፈው ጥቅምት፣ አንድ እሑድ ረፋድ ላይ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ፣ ገላን ኮንዶሚኒየም ከኛ ብሎክ ጀርባ ሰው ተሰብስቦ አገኘሁ። ልብስ ከምናሰጣበት ሽቦ ሥር አንዲት ድኩላ ቆማለች። ከየት እንደመጣች የሚያውቅ የለም። አንዱ ከወንዙ በኩል ነው ይላል፣ ሌላው ሰው ቤት ያደገች ለማዳ ሳትሆን አትቀርም ይላል። ወጣቶቹ በስልካቸው ይቀርጿታል። አንዲት ጎረቤቴ የሰላጣ ቅጠል ዘርግታ ትጠራታለች።

ድኩላዋ ግን ማንንም አላየችም። ግንባሯን ግንቡ ላይ ለጥፋ፣ አራት እግሮቿን ከፈት አድርጋ፣ ሕንጻውን ልትገፋ የፈለገች ይመስል ዝም ብላ ትገፋ ነበር። ጠጋ ብዬ እጄን ዐይኗ ፊት አወዛወዝኩ። ዐይኗ ክፍት ነው፤ ሽፋሽፍቷ ግን አልተንቀሳቀሰም።

ለጥበቃዎቹ ማንም እንዳይነካት፣ ከሞተችም ሥጋዋን ማንም እንዳይወስድ ነገርኳቸው። ለምን ብለው ሲጠይቁኝ ሥራዬ የነበረ ነገር ነው አልኳቸው። ቀትር ሳይሆን ወድቃ ሞተች። ሽማግሌው ጥበቃ ጉድጓድ ቆፍሮ ቀበራት፤ ሁለት ጎረቤቶቼ ጥሩ ሥጋ አፈር በላው ብለው ሲያጉረመርሙ ሰማሁ። እኔ አራተኛ ፎቅ ወጥቼ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ድኩላ እንዲያ ሆና ስትቆም ያየሁት ከዚያ በፊት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ያም ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖታል።

ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። የምንኖረው አቃቂ በሰቃ ውስጥ፣ ምድር ባቡር ይሠራ የነበረው አባቴ ከሐዲዱ ብዙም ሳይርቅ በሠራት የጭቃ ቤት ነው። አባትና እናታችን በሁለት ዓመት ልዩነት አርፈው፣ እኔና ታላቅ እህቴ ወይንሸት ቀርተናል። እኔ እታለም ነው የምላት። ባሏ ግርማ ክር ፋብሪካ በፈረቃ የሚሠራ፣ ቃል የማያበዛ ሰው ነበር። እታለም ሁለት ጊዜ አርግዛ ሁለቱንም ጊዜ ጨንግፎባት ነበርና ሦስተኛው ፅንስ አምስት ወር ሲያልፍ ሰፈሩ በሙሉ ትንፋሹን ይዞ ይጠብቅ ጀመር። ጎረቤት ሁሉ ባልዲ ከእጇ ይነጥቃታል። ስሙን ለመጥራት ግን የሚደፍር አልነበረም፤ ልብስ እንኳ አልተዘጋጀለትም።

አቃቂ ያደገ ሰው ነፋሱ ከየት እንደነፈሰ በአፍንጫው ያውቃል። በአንዱ በኩል ሲመጣ ቆዳ ቆዳ ይላል፣ በሌላው በኩል ሳሙና። ወንዛችንም ቀለም ይቀያይር ነበር፤ አንድ ቀን ሰማያዊ፣ በማግስቱ የበሰለ ቀይ ሥር የመሰለ። ልጆች ሳለን ነገ ምን ቀለም ይሆናል ብለን እንወራረድ ነበር። ክፉ ነገር መሆኑን አናውቅም፤ የትም አገር ያለ ወንዝ እንዲህ የሚያደርግ ይመስለን ነበር።

እኔ በዚያ ዓመት ከተማ ውስጥ ውኃና አፈር የሚመረመርበት ቤተ ሙከራ ሥራ ከያዝኩ ገና አራተኛ ወር ነበር፤ የሙከራ ጊዜዬን አልጨረስኩም። ጠዋት ጠዋት ሽሮዬን በምሳ ዕቃ ይዤ፣ በቃሊቲና በሳሪስ አቋርጦ የሚሄደው አውቶቡስ ውስጥ እንደ ጆንያ ታጭቄ እሄዳለሁ። ነጭ ጋውን መልበሴ እታለምን ከኔ የበለጠ ያኮራት ነበር።

ታሪኩ ግን የጋሽ በየነ ነው። ጋሽ በየነ የአባቴ የሥራ ባልደረባ፣ ጡረታ የወጡ፣ ረጅምና ቀጥ ያሉ ሰው ነበሩ። ሚስታቸው ሞተዋል፤ ልጆቻቸው ድሬዳዋ ነው የሚኖሩት። አባታችን ከሞተ ወዲህ አባታችን እሳቸው ነበሩ። እታለም ስታገባ ሽማግሌ የተቀበሉት፣ እኔ ሥራ ስገባ ዋስ ሆነው የፈረሙት እሳቸው ናቸው። በቀበሌ የተመዘገበ አሮጌ ምንሽር ነበራቸውና ከወንዙ በታች ወደ አባ ሳሙኤል በሚወስደው ገደላ ገደል ውስጥ እየወረዱ ድኩላና ሚዳቋ ያድናሉ። ፈቃድ አለዎት ወይ ብሎ የጠየቃቸው የለም። ሰው ቢያመነታ፣ ሰኮናው ስንጥቅ ነው፣ ያመሰኳል፣ ኦሪት ራሱ ስሙን ጠርቶ የፈቀደው ሥጋ ነው ይሉታል። ለራሳቸው ጥቂት አስቀርተው የቀረውን ለጎረቤት ያድሉ ነበር። እሳቸው ባይኖሩ የሥጋ መዓዛ ከፋሲካ እስከ እንቁጣጣሽ የማይሰማበት ቤት ሰፈራችን ውስጥ ብዙ ነበር።

ድሮ ቀንቷቸው በወር አንድ ቢጥሉ ነው። በዚያ ዓመት ክረምቱ ከወጣ ወዲህ ግን ባዶ እጃቸውን ተመልሰው አያውቁም። በየሳምንቱ፣ አንዳንዴም በሳምንት ሁለት ጊዜ ይዘው ይመጣሉ። ጉበቱ የእታለም ነበር። በኮባ ቅጠል ጠቅልለው፣ ገና ሙቀቱ ሳይለቀው፣ ከደጃፍ ይጠሯትና ደም ይሆንሻል፣ ልጁን ይይዝልሻል ብለው ይሰጧታል። እሷም በቅቤና በቃሪያ ለብ ታደርገዋለች። ጣዕሙ ዛሬም ምላሴ ላይ አለ፤ ከበሬ ጉበት ይልቅ ይለሰልሳል፣ የዱር ቅጠል ቃና አለው። እኔም በልቻለሁ። ጋሽ በየነ ደግሞ ከሁላችንም በላይ በልተዋል።

ኅዳር በገባ በመጀመሪያው ቅዳሜ፣ ጎሕ ሲቀድ፣ ቦታውን ላሳይሽ ብለው አስከትለውኝ ወጡ። መንገዱን አልረሳውም። ጤፉ ቢጫ ሆኖ ጎንበስ ብሏል፣ የክረምቱ ጭቃ ደርቆ የከብቱ ኮቴ እንዳለ ቀርቷል። ማሳቸውን ሊያዩ የወጡ ገበሬዎች በኦሮምኛ ያነጋግሯቸዋል፣ እሳቸውም በኦሮምኛ ይመልሳሉ። ከኮታቸው ኪስ የገብስ ቆሎ እየዘገኑ ይሰጡኝ ነበር። ስለ አባቴ አጫወቱኝ፤ ባቡሩ ሞጆ ላይ ሲቆም አባቴ ብርቱካን ገዝቶ ደብረ ዘይት ሳይደርስ እንዴት ይጨርሰው እንደነበር።

ገደሉ አፋፍ ላይ በአጥር የተከለለ ግቢ ነበር። አሮጌ የመኪና ባትሪ እየሰበሩ እርሳሱን የሚያቀልጡበት ነው ይባላል። ባለቤቱን የሚያውቅ የለም፤ ከሩቅ ጭሱ ብቻ ይታያል። ትራፊውን በጋሪ እያመጡ ወደ ሸለቆው ይደፉታል። የክረምቱ ጎርፍ ያንን አመድ ጠርጎ ወደ ታች አውርዶት፣ ከሸለቆው ወለል ላይ ግራጫ ምላስ መስሎ ተዘርግቷል። ዳር ዳሩ ነጭ ነጭ ቅርፊት አውጥቷል። ላዩ በኮቴ ተደብድቧል፤ የድኩላ፣ የሚዳቋ፣ አንዳንድ ቦታም የፍየል።

ጋሽ በየነ አዲስ ርስት እንዳገኘ ሰው አሳዩኝ። ቦሌ ወጣልን አሉ። ቦሌ ሲባል የዛሬ ልጆች አውሮፕላን ማረፊያው ብቻ ነው የሚመጣባቸው፤ የድሮ ሰው ቦሌ የሚለው ከብትና አውሬ የሚልሰውን ጨው አዘል አፈር ነው። ቦሌ ያለበት ቦታ አዳኝ አይደክምም፤ አውሬው ራሱ ይመጣለታል። ጋሽ በየነ ጣታቸውን አስነክተው ቀመሱትና ጨው ጨው ይላል፣ ኋላ ላይ ደግሞ ይጣፍጣል አሉኝ። ተደብቀው ሲጠብቁ ውኃ ሲጠማቸው የሚጠጡትም ከአመዱ ሥር ከምታቆር ትንሽ ኩሬ ነበር።

ድኩላውን ያየሁት ያኔ ነው። ቀንዳም ወንድ ነው። ከሸለቆው ማዶ፣ ከአንድ ትልቅ ድንጋይ ጋር ግንባሩን ገጥሞ ቆሟል። ጋሽ በየነ አልተደበቁም፣ አላነጣጠሩም ማለት ይቻላል። ደረቅ ቅጠል እየረገጡ ዐሥራ አምስት እርምጃ ያህል ቀረቡት፤ ጆሮውን እንኳ አላነሣም።

"እይው፣ እግዜር አቁሞ ሰጠን" አሉኝ ወደ ኋላ ዞረው።

ተኮሱ። እኔ ግን ደስ አላለኝም። ድኩላ ማለት ድንጉጥ ፍጥረት ነው፤ አባቴ ሰው ሲበረግግ እንደ ድኩላ ይል ነበር። የማይሸሽ ድኩላ አይቼም ሰምቼም አላውቅም። ቆዳውን ሲገፍፉ አጠገባቸው ቆሜ፣ ለልምምድ እፈልገዋለሁ ብዬ ከጉበቱ ቁራጭ ወስጄ በመድኃኒት ብልቃጥ ከተትኩ። ከአመዱም ጭብጥ ያህል በመሐረቤ ቋጠርኩ። ጋሽ በየነ እየሳቁ ለሳይንስም ድርሻዋን ሰጠናት አሉ።

ሰኞ ዕለት የክፍሉ ኃላፊ አቶ ይልማ ለሥራ ክፍለ ሀገር ወጥተው ነበር። ብረታ ብረት የሚለካውን መሣሪያ ያለ እሳቸው ፈቃድ መንካት ክልክል ነው፤ ጋዙ እንደ ልብ አይገኝምና በቁጠባ ነው የሚሠራበት። ቁልፉ ግን እኔ ዘንድ ነበር። የሥራ ባልደረቦቼ ምሳ ሲወጡ በአሲድ ያሟሟሁትን አመድ አስገባሁ። ንባቡ ከመሣሪያው አቅም በላይ ሆነ። አቀጠንኩት፤ አሁንም በላይ። ደግሜ አቀጠንኩት። ዕቃውን ያላጠብኩ መስሎኝ ብልቃጦቹን በሙሉ አጥቤ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመርኩ። ያው ነው። እርሳስ። ቀጥዬ ጉበቱን አስገባሁ። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው ከፍ ያለችው በርጩማ ላይ መቀመጤንና የመሣሪያው ነበልባል ሽሽሽ ማለቱን ነው።

መደርደሪያው ላይ ስለ መርዝ የሚያወሳ አሮጌ መጽሐፍ ነበር። እርሳስ የገባበት እንስሳ ይታወራል፣ በክብ ይዞራል፣ ራሱን ከግድግዳ ጋር ይገጥማል ይላል። ሰው ሲሆን ሆዱን ይቆርጠዋል፣ እጁ ይዝላል፣ ድዱ ላይ ጥቁር ሰማያዊ መስመር ያወጣል። ስለ ነፍሰ ጡር ሴት የሚያወራው አንቀጽ አጭር ነበር። ሁለት ጊዜ አነበብኩትና መጽሐፉን ዘጋሁት። ቀኑንና ንባቡን በማስታወሻ ደብተሬ ጻፍኩ።

በዚያው ማታ መናገር ነበረብኝ። ልናገር ብዬም ነው ቤት የገባሁት። እታለም ራት አቅርባ፣ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ትስቃለች፤ ልጁ ረገጣት። ነይ ንኪው አለችኝ። ነካሁት። ያን ያህል ደስ ብሏት አይቻት አላውቅም። ነገ እነግራታለሁ አልኩ።

ነገ ሲመጣ ምክንያት ይዞ ይመጣል። አንድ ጊዜ ልኬቱን ልድገመው አልኩ። ሌላ ጊዜ መሣሪያውን ሰርቄ መጠቀሜ ቢታወቅ ከሥራ እባረራለሁ አልኩ። ከሁሉ የከበደኝ ግን ጋሽ በየነ ነበሩ። እንዴት ተብሎ፣ እንደ አባት ያሳደጉኝን ሰውዬ፣ በልጅዎ አፍ መርዝ እያስገቡ ነው ይባላል? ከዚያ አንድ መውጫ አገኘሁ። ኅዳር ዐሥራ አምስት ጾመ ነቢያት ይገባል፤ ጾም ከገባ ሥጋ የለም፣ ጋሽ በየነም አያድኑም። እኔ ሳልናገር ነገሩ በራሱ ይቆማል። ከዚያች ሰኞ እስከ ጾሙ ዐሥራ አንድ ቀን ነበር።

ዐሥራ አንዱን ቀን እያንዳንዱን አስታውሰዋለሁ። እኔ ሆዴን አሞኛል ብዬ ሥጋ መብላት ተውኩ። እታለምን ጉበት ለእርጉዝ ይከብዳል ብዬ ብሞክራት፣ ነጭ ጋውን ለብሰሽ ሐኪም ሆንሽ እንዴ ብላ ሳቀችብኝ። አንድ ቀን ድስቱን ሳወርድ ያመለጠኝ አስመስዬ ደፋሁት። ጋሽ በየነ በማግስቱ ሌላ አመጡላት። ስትበላ ላለማየት ጓዳ ገብቼ ዕቃ እነካካለሁ። ሳህኑን በእንጀራ ጠርጋ ስትጨርስ ግን ድምፁ ይሰማኝ ነበር።

ጾሙ ገባ። ያን ቀን ከሥራ ስመለስ ከብዙ ጊዜ በኋላ ቀለል ብሎኝ ነበር። ገና ከበሩ ስገባ፣ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ በተወጠረው ገመድ ላይ ቋንጣ ተሰቅሎ አየሁ። ጋሽ በየነ መደብ ላይ ተቀምጠዋል። እታለም የንስሐ አባቷ አንቺ በዚህ ሁኔታሽ አትጾሚም እንዳሏት፣ ጋሽ በየነም እስከ ገና የሚበቃት ሥጋ ዘልዝለው እንዳመጡላት ደስ እያላት ነገረችኝ። እሳቸው ሻይ ይጠጡ ነበር። ብርጭቆው ከቀኝ እጃቸው ሾልኮ ወደቀና ሻዩ ጉልበታቸው ላይ ፈሰሰ። እርጅና ነው፣ ይቺ እጅ ሰሞኑን አልታዘዝ ብላኛለች፣ ሆዴም እንደ ቢላ ይቆርጠኛል አሉና ሳቁ። ሲስቁ ድዳቸውን አየሁት። ከጥርሳቸው ሥር፣ በቀለም ብዕር የተሰመረ የመሰለ ጥቁር ሰማያዊ መስመር ነበር።

አጥሩ ድረስ ልሸኝዎት ብዬ ይዣቸው ወጣሁ። ፀሐይዋ ልትጠልቅ ነው፤ ከሐዲዱ ማዶ ሰዎች ከፋብሪካ ሲመለሱ ይታያሉ።

"ጋሽ በየነ፣ ያ አፈር ቦሌ አይደለም" አልኳቸው።

"ምንድነው ታዲያ?"

"የባትሪ እርሳስ ነው። ድኩላዎቹ የማይሸሹት ታውረው ነው። መርዙ ጉበታቸው ውስጥ አለ፤ በመሣሪያ ለክቼ አይቼዋለሁ። የአንቱም እጅ የሚዝለው በሱ ሳይሆን አይቀርም።"

ቀኝ እጃቸውን አንሥተው አገላብጠው አዩት። ስለ እጃቸው ግን ምንም አልጠየቁኝም።

"እሷ በልታለች" አሉ ቀስ ብለው።

"አዎ።"

"ሆዷ ያለውስ?"

"ሊደርሰው ይችላል ይላል መጽሐፉ።"

ቀኝ እጃቸውን ኮታቸው ኪስ ከተቱት። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ። "መቼ ነው ያወቅሽው?"

"ትናንት" አልኳቸው።

እንዲህ ነበር ያልኩት። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ አልከበደኝም፤ እንዲያውም ቀለል አለኝ። ክብደቱ የመጣው በማግስቱ ነው።

በማግስቱ ቅዳሜ ጠዋት፣ ግርማ የሌሊት ፈረቃውን ጨርሶ ገብቶ ገና ሦስታችንም ቁርስ ላይ ሳለን፣ ጋሽ በየነ ደጃፋችን ላይ ቆሙ። ነጠላቸውን አደግድገዋል፤ ማጅራታቸው ላይ ትልቅ ድንጋይ ተሸክመዋል። ያ ረጅም ሰውዬ መሬት መሬቱን እያየ ጎንብሶ ሳየው ማን እንደሆነ ለአፍታ ጠፋኝ። እታለም ደንግጣ ተነሣች። ሰው የገደለ ሰው ነው ለደመኛው እንደዚያ የሚቀርበው፤ እሷ ምን እንደተፈጸመባት ገና አታውቅም።

"ልጄ፣ ሳላውቅ መርዝ አበላሁሽ። ይቅር በይኝ" አሉ። ከዚያም ሁሉንም ተናገሩ፤ ስለ አመዱ፣ ስለ ድኩላዎቹ፣ ስለ ጉበቱ። ጥፋቱን በሙሉ ለራሳቸው ወሰዱት። እኔን ያነሡኝ ለምስጋና ብቻ ነው፤ እህትሽ ባወቀች ማግስት ባትነግረኝ ኖሮ እስከ ገና እገድልሽ ነበር አሏት።

እታለም ሆዷን በአንድ እጇ ይዛ ወደሳቸው ሄደች። ድንጋዩን በሌላ እጇ ልታወርደው ስትል ግርማ ደርሶ ተቀበላት። እኔን ደስ እንዲለኝ ብለው አይደል ያበሉኝ፣ ምን አጠፉ አለች። ከዚያ ግን ፊቷ ተለወጠ። እዚያው ደጃፍ ላይ ተቀመጠችና ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ አለቀሰች። እኔ በሩን ተደግፌ ቆሜ ነበር። ያኔ ዐሥራ አንድ ቀን ነው ማለት እችል ነበር። አላልኩም።

ሰኞ አቶ ይልማ ከመስክ ተመልሰው ነበርና ቢሯቸው ገብቼ መሣሪያውን መጠቀሜን፣ ያገኘሁትን፣ እህቴንም ነገርኳቸው። ደብተርሽን አምጪው አሉኝ። አነበቡት፤ ቀኑ ላይ ጣታቸውን አሳረፉ።

"ለእህትሽ መቼ ተነገራት?" አሉኝ።

"ቅዳሜ።"

መነጽራቸውን አወለቁ። "መሣሪያውን ስለነካሽ ማስጠንቀቂያ እጽፍብሻለሁ። በዚህ ቀንና በቅዳሜ መካከል ስላለው ግን እኔ የምጽፈው ወረቀት የለኝም።"

በዚያው ቀን ራሳቸው ሸለቆው ወርደው በሕጋዊ መንገድ ናሙና ወሰዱ፤ ለሚመለከተው ሁሉ ደብዳቤ ጻፉ። እስከሞቱ ድረስም አንድ ቀን እንኳ መልሰው አላነሡብኝም። እውነቱን ከኔ ሌላ የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ነበሩ።

ደብዳቤው መልስ እስኪያገኝ በጋው አለቀ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ጋሽ በየነ በየቀኑ ጎሕ ሲቀድ ሸለቆው ይወርዱ ነበር። በግራ እጃቸው እሾህ እየቆረጡ አመዱን ዙሪያውን አጠሩት። እንስሳቱ አጥሩን እየጣሱ ሲገቡ እያፏጩ፣ ድንጋይ እየወረወሩ ያባርሯቸዋል። የታወረ ሲያጋጥማቸው ተኩሰው፣ ጅብ እንዳያወጣው አድርገው ጥልቅ ጉድጓድ ይቀብሩታል። ሰው ሽማግሌው አበዱ አለ። ሥጋ የለመዱ ጎረቤቶች፣ ለወይንሸት ብቻ ሲሉ እኛን ከለከሉን ብለው አሟቸው። አንድ ቀን ምሳ ይዤላቸው ወርጄ፣ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው የዛለች ቀኝ እጃቸውን በግራቸው ሲያሹ አገኘኋቸው። አፌን ከፈትኩ። እሳቸው ግን ቀደሙኝና፣ አንቺ ባትኖሪ ኖሮ አሉኝ። አፌን መልሼ ዘጋሁ።

ክረምቱ ሊገባ ሲል ግቢው ተዘጋ። አመዱም በአንድ ሳምንት ውስጥ በገልባጭ መኪና ተጭኖ ጠፋ። ሰፈሩ እፎይ አለ። እኔ ወዴት ነው የሚወስዱት ብዬ ከጫኞቹ አንዱን ጠይቄ ነበር። ለቤት መሠረት፣ ለግቢ፣ ለመንገድ፣ ሙሌት ለፈለገ ሁሉ ነው አለኝ። ጋሽ በየነ ሁለተኛው ክረምት ከመግባቱ በፊት አረፉ። ጨጓራ ነው ተባለ። ቀብራቸው ላይ እታለም ከልጆቻቸው በላይ አለቀሰች።

ልጅቷ የተወለደችው በየካቲት መጨረሻ ነው። በሁለት መዳፍ የምትያዝ፣ ድምጿ የድመት ግልገል የመሰለ ነበረች። ረድኤት ተባለች። ኖረች። አፏን የፈታችው ሦስት ዓመት ካለፋት በኋላ ነው። ፊደል አልያዝ አላት፣ ቁጥር ደግሞ ከዚያ ይብስ ነበር፤ ስምንተኛ ክፍል ላይ ትምህርቱን ተወችው። እጇ ግን ወርቅ ነው። ዛሬ ሳሪስ የልብስ ስፌት ሱቅ አላት፤ በልኬት ሳይሆን በዐይኗ ቆርጣ የምትሰፋው ቀሚስ ይታዘዛል። ቀስ ያለች ልጅ ናት ይላሉ ሰዎች። እታለም ደግሞ እግዜር የሰጠኝ ይቺን ነው፣ ተመስገን ትላለች። ምናልባት እንዲያውም በተፈጥሮዋ እንዲሁ ነበረች፤ ማንም እርግጠኛ ሆኖ ሊናገር አይችልም። እኔ ግን ረድኤት ቃል ጠፍቷት ጣቷን እያፍተለተለች ስትፈልግ ባየሁ ቁጥር ከነዚያ ቀናት አንዱን እቆጥራለሁ።

ከዚያ ወዲህ በሥራ በቆየሁባቸው ዓመታት ስለ እርሳስ ያልተማርኩት ነገር ጥቂት ነው። ከደም ወጥቶ አጥንት ውስጥ ይገባል፤ እዚያም አጥንት መስሎ ይቀመጣል፣ ለብዙ ዘመን። ሴት ስታረግዝ ደግሞ ሰውነቷ ለልጁ የሚሆነውን ከገዛ አጥንቷ ይቀዳል። በዚያን ጊዜ የተቀመጠው አብሮ ይወጣል።

ረድኤት ሠላሳ አምስት ዓመት ሊሞላት ነው። ነሐሴ ላይ ነበር ማርገዟን የነገረችኝ፤ የመጀመሪያዋ ነው። እልል ብያለሁ፣ ስሜያታለሁ። የማውቀውን ግን አልነገርኳትም። ምናልባት ምንም አይኖርም፣ ለምን በከንቱ አስደነግጣታለሁ፣ ሁለት ወር ይለፋት ብዬ ነበር። ያ ሁሉ ዕድሜ አልፎ አሁንም ያንኑ ምክንያት ስደረድር ራሴን ያገኘሁት፣ ያን እሑድ አራተኛ ፎቅ ላይ ተቀምጬ ሳለ ነው።

በዚያው ከሰዓት ታክሲ ይዤ ሳሪስ ወረድኩ። እታለምም እዚያው ነበረች፤ እሑድ እሑድ ልጇ ዘንድ ነው የምትውለው። አስቀምጬ ለሁለቱም ነገርኳቸው። ስለ አጥንቱ ነገርኳቸው። ስለ ዐሥራ አንዱም ቀን ነገርኳቸው፤ ድስቱን መድፋቴን፣ ጓዳ መግባቴን፣ አጥሩ ሥር ትናንት ማለቴን፣ ጋሽ በየነ በኔ ውሸት ላይ አመስግነውኝ መሞታቸውን።

እታለም አላቋረጠችኝም። ስጨርስ ተነሥታ ነጠላዋን ለበሰች። "ድንጋይ የተሸከሙት እሳቸው ነበሩ" አለችና ወጣች። ይኸው እስከዛሬ ስልኬን አታነሣም። ሰባ ዓመት ሊሞላት ነው፤ አልፈርድባትም።

ረድኤት ግን ስፌት መኪናዋ ፊት ቁጭ ብላ እንደ ልማዷ ቃል እስክታገኝ ቆየች። ከዚያም ምርመራው የት እንደሚደረግ ጠየቀችኝ። ሰኞ ጠዋት አብረን ሄድን። ደሟን ሰጠች፤ ወረፋው ረጅም ስለነበር ክንዴን ተደግፋ ትንሽ አንቀላፋች። ውጤቱ ሲመጣ በፖስታ የታሸገ ነበር። ለኔ ሊሰጡኝ ነበር፣ ትልቅ ሰው ነኝና፤ ለሷ ስጧት አልኩ። ቀስ ብላ፣ ፊደሉን በጣቷ እየተከተለች፣ እዚያው ቆማ አነበበችው። ምን እንደሚል እዚህ አልጽፍም፤ የሷ ነው። ሐኪሙ ጋ አብሬያት ገባሁ።